ለገበያ ያልወጣ ሥራ

ሰው ስለ ምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ የሚሰጠው መልስ «ለመብላት» የሚል ነው። መልሱም እውነት ነው፤ ገበሬው የሚያርሰው፣ ሸማኔው የሚሸምነው፣ ጸሓፊው በመዝገብ ላይ አጎንብሶ የሚውለው ራሱንና ቤተ ሰቡን ለማኖር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን መልሱ እውነት ይሁን እንጂ ሙሉ አይደለም። የዕለት እንጀራውን ያገኘ ሰው ማንም ሳያዘውና ማንም ሳይከፍለው፣ ከዕረፍቱ ሰዓት ቈርሶ ሌላ ሥራ ሲጀምር እናያለን። አንዱ በጓሮው አበባ ይተክላል፤ ሌላው እንጨት ይጠርባል፤ አንዲቱ ደግሞ በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ከአንድ ቱባ ክርና ከአንዲት ኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ለመብላት ካልሆነ ስለ ምን ነው? ደስ ስለሚላቸው ነው ብንል፣ ያ ደስታ ምን ዐይነት ደስታ ነው? ለሰው ልጅ የሚገባ በጎ ነገር ነውን? ወይስ የጊዜ ማጥፊያ ብቻ?

ይህን ጥያቄ በዳንቴል ሥራ ላይ ብንመረምረው የሚሻል መስሎናል። ታላላቆቹን ሥራዎች፣ ማለት ሕንፃን፣ ሥዕልንና ድርሰትን ምሳሌ ብናደርግ ዝናና ሽልማት በመካከል ገብተው ነገሩን ያደፈርሱብናል። ዳንቴል የሚሠራ ሰው ግን በዚህ ሥራ ስሜ ይጠራል ብሎ አይነሣም። ስለዚህ ከሥራው የሚገኘው ደስታ ከሌላ ነገር ሳይቀላቀል ብቻውን ጠርቶ ይታያል።

አስቀድመን ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው። መሣሪያውን ኪሮሽ የምንለውም ከዚያው ቋንቋ ወርሰን ነው፤ እርሱም «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። ሸማኔ ድርና ማግ፣ መወርወሪያና ሙሉ የሽመና ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ጥልፍ ጠላፊ አስቀድሞ የተሠራ ጨርቅ ያሻዋል። ዳንቴል ሠሪ ግን ከአንድ መንጠቆና ከአንድ ክር በቀር የምትፈልገው የለም። ክሩን ቀለበት ታደርገዋለች፤ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ትስባለች፤ በዚያም ውስጥ ሌላ። ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ተመልሶም ከራሱ ጋር ይያያዛል፤ ረድፍ በረድፍ ላይ፣ ዙር በዙር ላይ ይጨመራል። ጥቂት ቀን ሲሰነብት፣ ትናንት ልቃቂት የነበረው ክር ኮከብና አበባ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጠባይ አለ። ሹራብ ሲሠራ ብዙ ቀለበት በአንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ተደርድሮ ይቈያል፤ ዳንቴል ሲሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቈየው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዋ ከሦስት ረድፍ በፊት ያለፈ ስሕተት ዛሬ ብታገኝ፣ ጫፉን ስባ እስከዚያ ድረስ ትተረትረዋለች። ክሩ አይባክንም፤ እንደ ገና ይሠራበታል። ነገር ግን የመጨረሻው ቀለበት ሳይታሰር ከቀረ፣ አንድ ሕፃን ጫፉን ይዞ ቢሮጥ የወራት ድካም ተመልሶ ክር ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሥራ ስሕተትን ይቅር የሚል፣ ቸልተኝነትን ግን የማይምር ሥራ ነው ለማለት ይቻላል።

ዳንቴል ወደ አገራችን ከውጭ የገባ ቢሆንም ያረፈበት መሬት ባዶ አልነበረም። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርገው በእንዝርት ሲፈትሉ ኖረዋል። ስንደዶውንና አክርማውን በአለላ አስጊጠው፣ በወስፌ እየወጉ መሶብና ሰፌድ ሲሰፉ ኖረዋል። ፈትልም የድኻ ሴት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ አገልጋይ የነበራቸው የመኳንንት እመቤቶችም እንዝርት መያዝን እንደ ነውር አይቈጥሩትም ነበር። ኪሮሽ በከተማ ቤቶች ውስጥ ስትገባ ያገኘችው ይህን የለመደ እጅ ነው። ከዚያም በኋላ የሶፋው መደገፊያ፣ የቡናው ጠረጴዛ፣ ራዲዮኑና ኋላም ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴል ለበሱ። ለሙሽራ የሚሰጥ፣ ለእንግዳ የሚዘረጋ፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚህ ሥራ ላይ የሚነሡት ነቀፌታዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ነቀፌታ፣ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነው። ነቃፊው ተረት አያጣም፤ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ብሎ ይስቃል። በእርሱ ዐይን ዳንቴል የምትሠራው ሴት ሥራ ፈትነቷን በክር የሸፈነች ናት። ራዲዮን ልብስ አያስፈልገውም፤ ጠረጴዛም አይበርደውም ይላል። ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ ጥንታዊ ልዩነት ማስታወስ ይጠቅመናል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ የሰውን ተግባር በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ፍጻሜው ከራሱ ውጭ የሆነ ነው፤ የቤት ሥራ ፍጻሜው ቤቱ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል። ሁለተኛው ፍጻሜው በራሱ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ መልካም ምግባር ስለ ራሱ ይፈለጋል እንጂ ወደ ሌላ ነገር መሻገሪያ ብቻ አይደለም።

ዳንቴል በየትኛው ወገን ነው? ሲያዩት ከመጀመሪያው ወገን ይመስላል፤ ሲያልቅ በእጅ የሚያዝ ነገር ይገኝበታልና። ነገር ግን አንድ ፈተና እናድርግ። ሥራዋን በመውደድ ከምትሠራው ሴት እጅ ኪሮሹን ወስደን፣ በምትኩ ያለቀለትን ያንኑ ዳንቴል ብንሰጣት ደስ ይላታልን? አይላትም፤ የወሰድንባት የምትፈልገውን ነገር ነውና። አንዱንም በጨረሰች ማግስት ሌላ ቱባ ትገዛለች። እንግዲህ ይህ ሥራ ሁለቱን ወገኖች አንድ አድርጎ የያዘ ነው። ውጤት አለው፤ ግን የሚፈለገው ስለ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሰው እየሠራ ሳለ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ዋጋ የማይጠብቅበት፣ ዋጋው በየቀለበቱ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ሥራ ፈትነት ባዶ ሰዓት ነው፤ ይህ ግን የሞላ ሰዓት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር ጾምንና ረኀብን አንድ አድርጎ እንደ መቍጠር ያለ ስሕተት ነው።

ይህን ደስታ ቀረብ ብለን ብንመረምረው ሦስት ነገሮችን እናገኝበታለን። አንደኛው ፍጻሜን በዐይን ማየት ነው። በዘመናችን ብዙ ሰው የሚሠራው የሥራ ቍራጭ ነው። የቢሮ ሠራተኛ አንድን ጉዳይ ተቀብሎ፣ መርምሮና ፈርሞ ወደሚቀጥለው ያስተላልፈዋል፤ ጉዳዩ ወዴት እንደ ደረሰ፣ ማንን እንደ ጠቀመ ብዙ ጊዜ ሳያይ ይቀራል። ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ቢል የሚያሳየው ነገር አያገኝም። አንድ ዙር ዳንቴል የሠራ ሰው ግን አንድ ዙር ሠርቷል፤ መቍጠርም ይችላል። ሁለተኛው የእጅና የሐሳብ መስማማት ነው። ቍጥሩ ሐሳብን ይይዘዋል፤ እንደ ጅራፍ ግን አያስጨንቀውም። እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብ ያርፋል። ሦስተኛው መስጠት ነው። በእጅ የተሠራ ስጦታ የሚናገረው ቃል በገንዘብ የተገዛው ሊናገረው አይችልም፤ ከዕድሜዬ ይህን ያህል ሰዓት ስለ አንተ አስቤ አሳልፌያለሁ ይላልና። ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል፤ ሰዓት ግን አንድ ጊዜ ከተሰጠ አይመለስም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከመኪና ወገን ይመጣል። መኪና በአንድ ሰዓት የሚሠራውን ሰው በወር ለምን ይሠራል? ይባላል። በዚህ ላይ የነገሩ እውነት ብዙዎችን የሚያስደንቅ ይመስለናል። ሹራብ የሚሠራ መኪና በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሊ በሚባል ሰው ከተፈለሰፈ ከ1589 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የኪሮሽን ሥራ ግን በምርምር ቤቶች ሙከራ ቢደረግበትም፣ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ ለገበያ በብዛት የሚያወጡት አልሆነም። መኪና አውጥቶት በመደብር የሚሸጠው የኪሮሽ መሰል ጨርቅ አሠራሩ የሹራብ ነው። እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ ዛሬም ከሰው እጅ ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ይሠራዋል የሚለው ነቀፌታ በዚህ ሥራ ላይ ሲደርስ መሬት ያጣል። ከዚህም ሌላ ከባድ ነገር ይከተላል፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናነሣዋለን።

እጅ ከአእምሮ ያነሰ ነው የሚሉም አሉ፤ እነርሱን አንድ ምሳሌ ይመልስልናል። የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ከዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ ከአንድ መሥመር ውጭ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ መሥመሩን የማይነኩ ብዙ መሥመሮች የሚያልፉበት ገጽ እንዳለ በሐሳብ ያውቁ ነበር። ይህን ገጽ ለተማሪ በእጅ አስይዞ ማሳየት ግን አስቸጋሪ ነበር፤ በወረቀት የሚሠራው ምሳሌ ቶሎ ይቀደዳልና። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ መምህርት በኪሮሽ ሠራችው። ዘዴው ቀላል ነው፤ በየተወሰነው ቀለበት ላይ አንድ ቀለበት እየጨመሩ መሄድ ነው። ጨርቁ እየሰፋ ሲሄድ ቦታ ያጣና እንደ ጥቅል ጎመን ቅጠል ጠርዙ ይጨማደዳል። ተማሪዎች የማይታየውን በጣታቸው ዳሰሱት። ዳንቴል ሠሪዎች ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ይህን የመሰለ ጠርዝ ለጌጥ ሠርተው ይሆን! እጅ ያወቀውን ነገር አእምሮ ዘግይቶ ስም ያወጣለታል።

ሦስተኛው ነቀፌታ ከሁሉ ይከብዳል። ይህ ደስታ የጠገበ ሰው ደስታ ነው፤ ተርቦ ለሚሠራው ያው ሥራ መከራ ነው ይላል። ይህን በቸልታ ልናልፈው አይገባንም፤ ታሪክም ይመሰክርለታል። በ1845 እ.ኤ.አ. የአየርላንድን የድንች ሰብል በሽታ መታው፤ እስከ 1852 ድረስ በቈየውም ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሞተ፤ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። በዚያ ዘመን በኮርክ አጠገብ በብላክሮክ የነበሩ የኡርሱሊን ማኅበር መነኮሳት የድኻ ልጆችን የኪሮሽ ሥራ አስተማሩ። በሰሜን በኩል በምትገኘው በክሎንስም በ1847 ካሳንድራ ሃንድ የምትባል የቄስ ሚስት ይህንኑ ሥራ ለተራቡት እንደ እንጀራ ማግኛ አቋቋመች። አንዲቱ አበባውን፣ ሌላይቱ ቅጠሉን ትሠራለች፤ ሌሎች ደግሞ ያገጣጥሙታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፣ ይህ ቀጭን ክር ብዙ ቤተ ሰብን ከሞት አትርፏል። ሥራው ግን በጨለማ ጎጆ ውስጥ ጣትን እያቈሰለና ዐይንን እያደከመ የሚሠራ ነበር። በዚያው ዘመን ባለጸጎች እመቤቶች በእልፍኛቸው ተቀምጠው ያንኑ ቀለበት ለጨዋታ ይሠሩ ነበር። መንጠቆው አንድ ነው፤ ክሩ አንድ ነው፤ ቀለበቱም አንድ ነው። የአንዲቱ ደስታ ሲሆን የሌላይቱ ቀንበር የሆነበት ምክንያት ምንድር ነው? ልዩነቱ ከሥራው አይደለም፤ ከነጻነት ነው። አንዲቱ ኪሮሹን ባሰኛት ጊዜ ታስቀምጠዋለች፤ ሌላይቱ ብታስቀምጠው ልጆቿ ጾማቸውን ያድራሉ።

እኛም በአገራችን ከዚህ የራቅን አይደለንም። እመቤት ብትፈትል ባልትና ተብሎ ሲመሰገንላት፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ግን በሥራቸው ሲሰደቡና ሲገለሉ ኖረዋል። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ፣ በማረሻው አርሶ ቀጥቃጩን መሸሽ የቈየ ነውራችን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለ ነበረ ነው። ዐዋጅ ምላስን ሊይዝ ይችላል፤ ልብን ለመለወጥ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ሴቶች ልጆችንም ያየን እንደ ሆነ፣ ወንድማቸው መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ እነርሱ ክር ይዘው እንዲቀመጡ የተገደዱበት ጊዜ ብዙ ነው። በግድ የተያዘች ኪሮሽ የእጅ ሥራ ደስታን አታስተምርም፤ ዝም ማለትን ታስተምራለች እንጂ።

እንግዲህ ሦስተኛው ነቀፌታ እውነት ይዟል። ነገር ግን ከእውነቱ የሚወጣው ፍርድ ነቃፊው እንዳሰበው ደስታው ይቅር የሚል አይደለም። የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ የእጅ ሥራ ደስታ ሙሉ የሚሆነው የሌላውን እጅ ድካም እንድናውቅ ሲያደርገን ነው።

ይህን በቍጥር እናሳይ። አንድ የጠረጴዛ ልብስ ከ60 ትንንሽ ክቦች የተገጣጠመ ነው እንበል። አንዱን ክብ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 60ው ክብ 30 ሰዓት ይሆናል። ለመገጣጠሚያና ለጠርዙ 10 ሰዓት ብንጨምርበት 40 ሰዓት ነው፤ ይኸውም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አምስት ሙሉ ቀን ማለት ነው። ኪሮሽ ይዞ የማያውቅ ገዢ በገበያ ቆሞ ይህን ልብስ ሲያይ «ክር አይደለም እንዴ! ምን ይህን ያህል ያስወድደዋል?» ብሎ ይከራከራል። እርሱ ያየው ክሩን ነው፤ አምስቱን ቀን አላየም። አንድ ክብ እንኳ በእጁ የሠራ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር አፉ አይታዘዝለትም። ቀለበቱን ሲያይ ጣቱ ያስታውሳል። እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ ከሰው እጅ በቀር ከሌላ እንደማይወጣ ከላይ ተናግረናል፤ ወደ ኋላ እናነሣዋለን ያልነውም ከባድ ነገር ይህ ነው። በጣም በርካሽ ዋጋ የተሸጠ ዳንቴል ባየን ቍጥር መኪና አረከሰው ብለን ልንጽናና አንችልም፤ ያረከሰው የአንድ ሰው ድካም ነው።

ይህ ዕውቀት በገዢው ላይ ብቻ ሳይሆን በሠሪዋም ላይ ግዴታ ይጥላል። ለደስታዋ የሠራችውን ለወዳጇ ብትሰጥ መልካም አደረገች። ወደ ገበያ አውጥታ በክሩ ዋጋ ብቻ ብትሸጠው ግን፣ ለራሷ ትንሽ ነገር የሆነው በዚያው ሥራ ልጆቿን በምታሳድገው ጎረቤቷ ላይ ጉዳት ይሆናል። ገዢው ነገ ለጎረቤቲቱ «እዚያ ማዶ በዚህ ዋጋ ተሸጧል» ይላታልና። በነጻ መስጠት ቸርነት ነው፤ በገበያ መካከል ድካምን ከንቱ ማድረግ ግን ቸርነት አይደለም። በስጦታና በንግድ መካከል ያለውን ድንበር መጠበቅ ከእጅ ሥራ ሥነ ምግባር አንዱ ክፍል ነው።

ከዚህ የተነሣ ለሦስት ወገኖች ጥቂት ማሳሰቢያ ብናቀርብ ድፍረት አይሆንብንም። መምህራን ሆይ፣ የእጅ ሥራ ትምህርትን ለሰነፍ ተማሪ ወይም ለሴት ልጅ ብቻ የተተወ አድርጋችሁ አትዩት፤ ወንዱም ልጅ ክርና መርፌ፣ ሴቲቱም ልጅ መጋዝና መዶሻ ብትይዝ ሁለቱም የሌላውን ድካም ያውቃሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ የምትፈርሙበት ወረቀት በሌላው ጫፍ የሰው ድካም እንደ ተያያዘበት የምታስታውሱት፣ አንድን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጃችሁ ሠርታችሁ ያያችሁ እንደ ሆነ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በቃል ከማጥናት ይልቅ በሃያ ረድፍ ዳንቴል መማር ይሻላል፤ የተሳሳተውን ተርትሮ እንደ ገና መጀመር ውርደት አለመሆኑንም በዚያው ትማራላችሁ።

ሰው ስለ ምን ይሠራል ብለን ነበር የጀመርነው። ለመብላት ይሠራል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ለመብላት ብቻ ቢሠራ ኖሮ ከጠገበ በኋላ እጁን በጭኑ ላይ አድርጎ በተቀመጠ ነበር። እጁ ዝም ብሎ አለመቀመጡ፣ ሰው ዋጋ ከሚከፈልበት ሥራ የሚበልጥ ነገር እንዳለው ያሳያል። ይህ ደስታ ለሁሉ እንዲደርስ፣ ለእንጀራ የሚሠራውም ሰው ድካሙ በሚገባ ተከፍሎት፣ ማታ ኪሮሹን ወይም መጋዙን ለራሱ ደስታ የሚያነሣበት ጥቂት ሰዓት ሊተርፈው ይገባል። የእጅ ሥራን ደስታ ያወቅን ሁላችን ለዚህ ባለዕዳዎች ነን፤ ዕዳውንም የምንከፍለው በምስጋና ቃል ብቻ ሳይሆን በሚገባው ዋጋ ነው።